ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ ወጣቶችና የአዲስ አበባ ፕላን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ጉዳዩ የአካባቢው ፕላን ነበር። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ካርታ አለ፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቡናማው ቅይጥ አገልግሎት፣ አረንጓዴው መናፈሻ መሆኑ ተነገረን። ፊት ወንበር ላይ የዕድር ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ኋላ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት ደግሞ ኳሳቸውን አቋርጠው የመጡ ልጆች ናቸው፤ ገሚሱ ማልያውን እንኳ አላወለቀም። የጥያቄ ዕድል ሲሰጥ ከእነሱ አንዱ እጁን አወጣና «የእኛ ሜዳ የቱ ጋ ነው?» አለ። ባለሙያው በእስክሪብቶው ጫፍ ካርታውን ነካ አደረገ። ቡናማው ላይ ነበር። ልጁ ሌላ ነገር ሊል ሲል ሰብሳቢው ቀደሙት፤ «ለወጣቶች ለብቻው መድረክ ይዘጋጃል፤ አሁን ጊዜ አናባክን።» ከፊት ወንበር አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የወጣቶቹ መድረክ እውነትም ከወር በኋላ ተዘጋጀ። አጀንዳው ችግኝ ተከላና የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ነበር። ስለ ካርታው የተነሳ ነገር የለም።

ያ ሳቅ እየቆየ ከነከነኝ። ከተማችን ወጣቱን ረስታው አታውቅም እኮ። ድንጋይ ሲነጠፍ፣ ችግኝ ሲተከል፣ መሃይምነት ሲጠፋ፣ ሰፈር ሲጠበቅ፣ ጦር ሲዘምት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የሚቀረው ካርታው ሲሳል ነው። ሊጡን የሚያቦካው ልጅ፣ ምጣዱ ዳር የሚቆመው ሌላ ሰው። ይህ እንዴት ልማድ ሊሆን ቻለ የሚለውን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በእርግጥ አዲስ አበባ ስትታቀድ ያልተጠየቀው ወጣት ብቻ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዋ በመኳንንቱ ሰፈሮች ዙሪያ በራሷ መንገድ አደገች። ጣሊያን ሲገባ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ፕላን ተሠራላት፤ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሆነ። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ። በ1951 ቦልተንና ሄነሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ በ1957 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ በ1970 ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ፣ በ1978 ደግሞ ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር የተሠራው ማስተር ፕላን ተከታተሉ። የየዘመኑ መንግሥት ወዳጅ ማን እንደነበር በአርክቴክቶቹ ፓስፖርት ይታወቃል። ነዋሪው ፕላኑን የሚያውቀው ቀያሽ ችካል ይዞ ደጃፉ ሲደርስ ነው።

በንጉሡ ዘመን የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ነበር። ይሁን እንጂ መራጭም ተመራጭም ለመሆን ቤት ወይም ቦታ ያስፈልግ ነበር። አብዛኛው የከተማ ሰው ተከራይ ነው፤ ወጣቱ ደግሞ የተከራይ ልጅ። በዚህ በር መግባት ስላልቻለ በጎዳናው በኩል መጣ።

የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው የካቲት 1957 ዓ.ም. ላይ የተሰማውን «መሬት ለአራሹ» ነው። በዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም. የሆነው ግን እምብዛም አይወራም። ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለቀሙ ለማኞችና ድሆች ሾላ በሚባለው ቦታ ካምፕ ውስጥ ታጉረው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካምፑ ውስጥ ያለውን ሁኔታ ሲያውቁ ሰልፍ ወጡ። መፈክራቸው «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» የሚል ነበር።

ይህን ሰልፍ እንደ ከተማ ፕላን ታሪክ የሚያነብበው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ወጣቶች ለአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ካቀረቧቸው የመጀመሪያዎቹ ግልጽ ጥያቄዎች አንዱ ይመስለኛል። ከተማ ሲጸዳ የሚጠረገው ምንድን ነው? ቆሻሻው ነው ወይስ ሰው? ጥያቄውን ያነሱት በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ቤትም ቦታም የሌላቸው፣ በሕጉ ዓይን የከተማዋ መራጭ ያልሆኑ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ አዲስ አበባን ገና የሚለምዱ ነበሩ። ምናልባት ያዩትን ያዩት ገና ስላልለመዱት ይሆናል።

ስምንት ዓመት ቆይቶ አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1966 የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎችም ተነሱ። እዚህ ላይ ታሪካችን ካሉት ምጸቶች አንዱ ይመጣል። ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ከፈተ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ዘማቾቹ በየገጠሩ የገበሬ ማኅበር እያደራጁ ሳለ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ለቤት መሥሪያ የሚፈቀደው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌ የሚባለው ነገር ራሱ የተወለደው በዚህ አዋጅ ነው።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስተውለው። በአገሪቱ ታሪክ ተከራይ የነበረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩን አስተዳደር ሊመርጥ ነው። ቤት፣ ኪራይ፣ መንገድ፣ ውሃ፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ ሁሉም በሰፈር ሰው እጅ ሊገባ ነው። የከተማዋን ጥያቄ ሲያነሳ የኖረው ተማሪ ግን በዚያች ሰዓት ከተማ ውስጥ የለም። የከተማው ልጅ ለገጠሩ ሰው ስለ መሬት እያስተማረ ሳለ የራሱ ሰፈር ካለ እሱ ተደራጀ። ሲመለስ ቀበሌው ቆሞ ጠበቀው።

ቀጥሎ የመጣውን ለመጻፍ እጅ ይከብዳል። በ1969 ዓ.ም. መባቻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌዎችን አጠናክሮ የጸጥታ ሥራ ሰጣቸው። ቤት ለማከራየትና ሱቅ ለመክፈት የተቋቋመው ማኅበር ጠመንጃ ያዘ፤ አብዮት ጥበቃ መጣ። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስር ቤት ሆነ፤ አንዳንዱም መግረፊያ። የሞተው በአብዛኛው ወጣት ነው። ጠመንጃ የያዘውም ብዙ ጊዜ ወጣት ነበር፤ ይህንንም ሳንደብቅ መናገር አለብን። በአንድ ሰፈር ያደጉ፣ በአንድ ሜዳ ኳስ የተጫወቱ ልጆች በቀበሌው በር ግራና ቀኝ ተለያዩ።

እናቴ ልጅ ሳለሁ «ቀበሌ ለመታወቂያና ለስኳር ካልሆነ ደጃፉን አትርገጥ» ትለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሟን በ1970 ዓ.ም. «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከቤት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ፎቶው ሳሎን ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ። የእናቴን ምክር በየቤቱ ስንት እናት እንደተናገረችው አላውቅም፤ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ግን ያልሰማው ጥቂት ነው። ስለ ወጣቶች ተሳትፎ ሲወራ «ወጣቱ ፍላጎት የለውም» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። ፍላጎት እኮ ከቤት ይወረሳል። ፍርሃትም እንዲሁ።

ከሽብሩ በኋላ ደርግ ወጣቱን በሌላ መልክ ጠራው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ በአጭሩ አኢወማ፣ በየቀበሌው ተዋቀረ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ወጣቶች አስተማሪ ሆነው ተሰለፉ፤ የሰፈር አክስትና አያት በልጅ እጅ ፊደል ቆጠሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየቀበሌውና በየከፍተኛው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ዛሬ በስም የምናውቃቸው ስንት ድምፃውያንና ተዋንያን የወጡት ከዚያ ነው። እናስ ወጣቱ ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል? ለመዝፈን ነበረው። ግጥሙን የሚመርጥለት ግን ካድሬው ነው።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ምልምል የማቅረቡ ሥራ የቀበሌ ሆነ። «አፈሳ» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ልጆችን እስከ ዛሬ ያስደነግጣል፤ ቀበሌ ሲያዩ መንገድ የቀየሩ ብዙ ናቸው። በአስር ዓመት ውስጥ ያው ቢሮ ወጣቱን አሰረ፣ አዘፈነ፣ አስተማረ፣ አዘመተ። «ይህ ሰፈር ምን ይሁን?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቋንቋው ተለወጠ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ አካባቢያቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ጻፈ። በ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣ፤ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ሰው ነው ብሎ ወሰነ፤ ተሳትፎን ከዋና ዓላማዎቹ አደረገው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ኅብረተሰቡ በፕላን ዝግጅት፣ ትግበራና ክለሳ ላይ እንዲሳተፍ መርሕ አድርጎ ደነገገ። በወረቀት ደረጃ ብዙ የሚጎድል ነገር የለም።

ሥራው ላይ ስንመጣ ግን የድሮው ልማድ ይታያል። በ1997ቱ ምርጫ የአዲስ አበባ ወጣት ድምፅ ለመስጠት ረጅም ሰልፍ ተሰለፈ፤ ከምርጫው በኋላ ደግሞ ጎዳና ላይ ወድቆ ተገኘ። መንግሥት ከዚያ የተማረው ትምህርት «ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል» የሚል ነበር። ትክክል ነው፤ ሥራ ይፈልጋል። የወጣቶች ፓኬጅ መጣ፣ ጥቃቅንና አነስተኛ መጣ፣ ኮብልስቶን መጣ። በ2000ዎቹ ወጣቱ ድንጋይ ጠርቦ፣ ተሸክሞ፣ አንጥፎ የከተማዋን ጭቃማ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች አደረቀ። በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ድንጋይ የሚጠርብ ልጅ መቀለጃ ቢሆንም፣ መንገዱ ግን ዛሬም ይረገጣል። የትኛው መንገድ ቀድሞ ይነጠፍ፣ ፍሳሹ ወዴት ይሂድ፣ የቱ ጋ መብራት ይቁም የሚለውን ግን ድንጋዩን የሚያነጥፈው ልጅ ከማንም በላይ እያወቀው ማንም አልጠየቀውም።

በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ቁጥር እጅግ በዝቶ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመቀመጥ በቃ። ወጣትም ሴትም በብዛት ገባ። ነገር ግን ከገዢው ፓርቲ ጋር የሚፎካከር በጠፋበት ምርጫ የተሞላ ወንበር የክርክር ቦታ ሊሆን አልቻለም። ቀጣዩ ምርጫ በ2005 ተካሄደ፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2005 አስራ ሁለት ዓመቱ የነበረ ልጅ ለመምረጥ ዕድሜው የደረሰ ጊዜ ለቀበሌውና ለወረዳው የሚሰጠው ካርድ አልነበረም።

መጠየቅ ሲቀር የሚከፈለውን ዋጋ ደግሞ ማስተር ፕላኑ አሳየን። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ያቀናጃል የተባለው ዕቅድ በተሰማ ጊዜ፣ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በጅማ፣ በሐሮማያና በሌሎች ከተሞች ተማሪዎች ወጡ። ጥይት መለሰላቸው። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የጀመረው ተቃውሞ ሲሰፋ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ዕቅዱ መሰረዙ ታወጀ። ስለ ፕላኑ ይዘት፣ ስለ ከተማዋ ባለቤትነት፣ ከዚያ በኋላ ስለ መጣው ፖለቲካ አንባቢ የየራሱ አቋም ይኖረዋል፤ እኔም አለኝ። አንድ ነገር ላይ ግን የምንስማማ ይመስለኛል። መሬቱ የሚነካበት ገበሬና የገበሬው ልጅ ካርታውን ያዩት ካለቀ በኋላ ነው። ለተጠናቀቀ ካርታ ደግሞ «እሺ» ወይም «እምቢ» እንጂ ሌላ መልስ አይገኝለትም። በኢትዮጵያ ታሪክ እንደዚህ ብዙ ወጣት ስለ ከተማ ፕላን የተናገረበት ጊዜ የለም፤ የተናገረውም በደሙ ነው። ከ1958ቱ የሾላ ሰልፍ እስከዚህ ድረስ መንገዱ አልተለወጠም፦ በሩ ሲዘጋ ጎዳና።

«ታዲያ ልጅ ተጠይቆ ምን ሊል ነው?» የሚል ይኖራል። ይህን የሚመልስ ነገር በሌላ አገር ተሞክሯል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ኬቨን ሊንች የተባለው አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር በዩኔስኮ ድጋፍ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ ታዳጊዎችን ሰፈራችሁን ሳሉልን፣ የት ትውላላችሁ፣ ምን ትወዳላችሁ ብሎ አስጠየቀ። በሜልቦርን ዳርቻ ሰፊ መናፈሻ የነበራቸው ልጆች የሚበዛባቸው መሰልቸት ሆኖ ተገኘ። በሜክሲኮ ከተማ ዳርቻ፣ ወላጆቻቸው በገዛ እጃቸው በሠሩት ድሃ ሰፈር የሚኖሩት ልጆች ደግሞ በሰፈራቸው የሚኮሩና ተስፋ ያላቸው ነበሩ። ባለሙያው «ልማት» ብሎ በቆጠረውና ልጁ በሚኖርበት መካከል ያለው ልዩነት የታወቀው ልጁ ስለተጠየቀ ነው። በ2014 ደግሞ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ አስተዳደር አንድ ሚሊዮን ዶላር ለይቶ፣ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ነዋሪዎች በምን ላይ ይዋል የሚለውን በድምፅ እንዲወስኑ አደረገ። ገንዘቡ ከከተማው በጀት አንጻር ኢምንት ነው። ሆኖም ልጁ ሐሳብ ያመጣል፣ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ ዋጋውን ያሰላል፣ ከዚያ ይመርጣል። ሲሸነፍም ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

የእኛ ልጆች ማደራጀት አያውቁም እንዳንል የጥምቀት ሰሞን ሰፈር ውስጥ መዘዋወር ይበቃል። ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ምንጣፍ ይገዛሉ፣ ሰንደቅ ይሰቅላሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ በታቦቱ ፊት ምንጣፉን እየጠቀለሉና እየዘረጉ ኪሎ ሜትሮችን ይሮጣሉ። ሕዝቡን በሥርዓት ያስተላልፋሉ። ማን ምን እንደሚሠራ፣ የቱ ጋ መንገዱ እንደሚጠብ፣ አሮጊቶች የት እንደሚያርፉ ያውቃሉ። ይህ የከተማ ዕውቀት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጃንሜዳን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ዘመናቸውን ሁሉ እዚያ ኳስ የተጫወቱና የሮጡ ልጆች ሜዳቸው በጭቃና በበሰበሰ ቲማቲም ሲሸፈን አዩ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወጣ፤ ሜዳው ይጸዳ ተባለ። አካፋና መጥረጊያ ይዞ የወጣው ብዙ በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ ወጣቱም ከፊት። ገበያው ሲገባ ያልተጠየቀው ሰው ሲወጣ ተጠራ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ጨምሮ ስንት ነባር ሰፈር ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ ብስክሌት መሄጃ ተሠራ፣ መጫወቻ ቦታዎችም ተሠሩ። አንዳንዱ ያምራል፤ ልጆችም ይጫወቱበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነባር ሰፈር ሲነሳ ግን ከዕድሩና ከማኅበሩ ጋር የልጆች ቡድንም ይበተናል፤ አንዱ በአንዱ ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው በሌላው ጫፍ። ቤት ለቤት ሲቆጠር ይህ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም፤ ልጆቹ ቢጠየቁ ግን መጀመሪያ የሚናገሩት ይህንን ነበር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ካርታው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ይታይ። በሰፈሩ የሚውለው ልጅ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚውል በራሱ እጅ ይሳልበት። የወረዳው በጀት ጥቂቷ ክፍል በወጣቱ ድምፅ ትወሰን፤ ቢሳሳትም ይሳሳት፤ ታላላቆቹ ስንቱን ተሳስተዋል። ለወጣቱ «ለብቻው መድረክ» የሚባለው ነገር ቀርቶ እዚያው ዋናው ስብሰባ ላይ ወንበር ይሰጠው።

ያ ሜዳ አሁን አጥር አለበት። ጥያቄውን ያነሳውን ልጅ ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ጎርምሷል፣ ሥራ ጀምሯል። በቅርቡ ሌላ የፕላን ስብሰባ እንዳለ ነገርኩትና «አትመጣም?» አልኩት።

«ምን ልል ጋሼ?» አለኝ። «የጠየቅሁትን እንኳ ገና አልመለሱልኝም።»

በዚያን ቀን ከሳቁት አንዱ እኔ እንደነበርሁ ልነግረው አሰብሁ። አፍሬ ተውሁት። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ እሄዳለሁ፤ ፊት ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ኋላ ከልጆቹ ጋር እቆማለሁ። ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥም የእሱን ጥያቄ እደግመዋለሁ።